ዋጋው የሚወርደው የመኪናው እንጂ የመለዋወጫው አይደለም፦ በውስን ገንዘብ ያገለገለ የቅንጦት አውቶሞቢል ስለ መምረጥ

(ለሕዝብ ክፍት ከሆነው የፋኩልቲው ገለጻ በጽሑፍ የተገለበጠ)



ይህን ርእስ ይዤ እንደምቀርብ ሲሰማ ከባልደረቦቼ አንዱ «በሕዝብ መድረክ ላይ ስለ መርቸዲስ ልታወራ ነውን?» ሲል ቀልዶብኛል። ቀልዱን ተቀብዬዋለሁ። ይሁን እንጂ በሀገራችን አንድ ቤተሰብ ከመኖሪያ ቤት ቀጥሎ የሚፈጽመው ትልቁ ግዢ መኪና መሆኑን፣ ይህም ግዢ ብዙ ጊዜ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ በደላላ ጥድፊያ፣ በቀለምና በወንበር ቆዳ ተማርኮ የሚፈጸም መሆኑን ሳስብ ርእሱ ለምህንድስና ፋኩልቲ የሚያንስ ሆኖ አልታየኝም። ለቀናት አወጣጥ ግልጽነት ያህል፣ የመኪና ሥሪት ዘመን ስጠቅስ በአውሮፓውያን፣ የሀገራችንን ሕግና ውሳኔ ስጠቅስ ደግሞ በራሳችን አቆጣጠር እንደሆነ ያዙልኝ።

ያገለገለ የቅንጦት መኪና መመኘት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ምኞቱን በከንቱ ውዳሴ ብቻ የሚተረጉሙ ሰዎች የእውነቱን ግማሽ ነው የሚያዩት። ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ ትልቅ የጀርመን ወይም የጃፓን አውቶሞቢል በዘመኑ ከነበሩት ትንንሽ መኪኖች ይልቅ ብዙ የአየር ከረጢት፣ የበረታ ፍሬን፣ በመንሸራተት ጊዜ አቅጣጫን የሚያቀና የኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት፣ ወገብ የማያደክም ወንበር ነበረው። በዕድሜ የገፉ ወላጆቹን ይዞ ወደ ጎንደር ወይም ወደ ጅማ የሚጓዝ ሰው ይህን ቢመኝ ተገቢ ነው። የክብሩም ነገር ቢሆን፣ በሠርግና በለቅሶ ደጃፍ ሰው በምን እንደመጣ የማይታይበት ሰፈር ካለ እኔ አላየሁትም። ስለዚህ «አትግዙ» ልላችሁ አልመጣሁም። የመጣሁት ሲገዛ ምን እንደሚገዛ ለማሳየት ነው።

አንድ መኪና ሁለት ዋጋ አለው። የመጀመሪያው ሻጩ የሚጠራው ነው፤ በዕድሜና በገበያ ይወጣል፣ ይወርዳል። ሁለተኛው ማንም የማይጠራው፣ መኪናውን በሕይወት ለማቆየት የሚጠይቀው ዋጋ ነው። ይህኛው የሚከተለው የመኪናውን የዛሬ ዋጋ ሳይሆን አዲስ ሳለ የነበረውን ዋጋ ነው። በምሳሌ ልናገር፦ አዲስ ሳለ በ60,000 ዶላር የተሸጠ መኪና ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በውጭ ገበያ በ8,000 ዶላር ቢገኝ፣ የፍሬን ፓምፑ፣ የካምቢዮው የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የፊት መብራቱ ግን የ60,000 ዶላር መኪና አካላት ሆነው ይቀራሉ። መኪናው ሲያረጅ መለዋወጫው አብሮት አይረክስም። እንዲያውም መኪናው ባረጀ ቁጥር መለዋወጫውን ደጋግሞ መጠየቅ ይጀምራል። በውስን ገንዘብ የሚገዛ ሰው የሚጎዳው በዚህ በሁለተኛው ዋጋ ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ የእኛ ገበያ ከውጭው የሚለይበት ነጥብ ይህ ነውና። በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ የቅንጦት መኪና ዋጋ በፍጥነት የሚያሽቆለቁለው በሚታወቅ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ሁለት ሦስት ዓመት ነድቶት በአዲስ ይለውጠዋል፤ የፋብሪካው ዋስትና ያበቃል፤ ለቅንጦት የሚከፍለው ባለጸጋ አሮጌ አይፈልግም፤ አሮጌውን የሚፈልገው ደግሞ የጥገናውን ወጪ ይፈራል። እናም ገዢው ለሚመጣው ወጪ አስቀድሞ ቅናሽ ያገኛል። በእኛ ዘንድ ግን በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ባረጁ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ዛሬ በአዲስ አበባ የምንገዛው ባለነዳጅ የቅንጦት አውቶሞቢል እንግዲህ ቀድሞ የገባ፣ የማይተካ፣ ዋጋውም እንደ ዕድሜው ያልወረደ መኪና ነው፤ መለዋወጫው ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛል። የውጭው ገዢ ወጪውንና ቅናሹን አብሮ ይወርሳል። እኛ ቅናሹን ሳናገኝ ወጪውን ወርሰናል።

ከዚህ የሚከተለው ስሌት ቀላል ነው፤ ሰው ግን አይወደውም። በእጃችሁ 3 ሚሊዮን ብር አለ እንበል። የምትፈልጉት መኪና የ3 ሚሊዮን ብር መኪና አይደለም፤ የ2 ሚሊዮን ወይም ቢበዛ የ2 ሚሊዮን ከ200 ሺህ ብር መኪና ነው። ቀሪው የሁለተኛው ዋጋ ቅድመ ክፍያ ነው። ከአራት እጅ አንዱን፣ ከተቻለም ከሦስት እጅ አንዱን ባንክ ውስጥ ሳታስቀሩ አትፈርሙ። ያን ያህል ሲቀነስ የምትመኙት ሞዴል ከአቅማችሁ ውጭ ከሆነ፣ ከመጀመሪያውም ከአቅማችሁ ውጭ ነበረ ማለት ነው።

አንድ ጎረቤቴ፣ ደመወዝተኛ ሰው፣ ቪትዙን ሸጦ፣ ከወንድሙም ተበድሮ፣ በሞላ ፈንታ በአየር ከረጢት ላይ የሚቆም ትልቅ አውቶሞቢል ገዛ። የምርቱን ስም አልጠራም። በአራተኛው ወር ጠዋት ሲወጣ መኪናው በፊት በኩል ተንበርክኮ አገኘው። የአየር ከረጢቱ ጎማ በእርጅና ተሰነጣጥቆ ያፈስ ነበር፤ አየር የሚሞላው ኮምፕረሰር ደግሞ ያለ እረፍት ሲሠራ ተቃጥሏል። ለጥገና የተጠየቀው ገንዘብ ቪትዙን ከሸጠበት ከግማሽ በላይ ነበር። መኪናው ሰባት ወር ግቢ ውስጥ ቆመ። ልጆቹ ውስጡ ገብተው መሪ እያዞሩ ይጫወቱ ነበር፤ አባታቸው በታክሲ ሰልፍ ይሠለፋል፤ የወንድሙ ዕዳም አልቆመም። ያ መኪና መጥፎ መኪና አልነበረም። አዲስ ሳለ ለገዛው ሰው የተሠራ መኪና ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ ገበያው ጠባይ። በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ስለ «ሎሚ ገበያ» አንድ አጭር ጥናት አሳተመ፤ በ2001 ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት የተጋራውም ገዢና ሻጭ እኩል መረጃ በሌላቸው ገበያዎች ላይ ባደረገው በዚሁ ምርምር ነው። በእኛ ሀገር በጥምቀት ሎሚ የሚወረወረው ለወደዱት ሰው ነው። በአሜሪካውያን አነጋገር ግን ሎሚ ማለት ውስጡ የተበላሸ መኪና ነው። የአከርሎፍ ሐሳብ እንዲህ ነው፦ ሻጭ የመኪናውን ውስጥ ያውቃል፣ ገዢ አያውቅም። ገዢው ስለማያውቅ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በመካከለኛ ዋጋ ጥሩ መኪናውን የሚሸጥ ሰው የለምና ባለ ጥሩ መኪናው ከገበያው ይወጣል፤ የሚቀሩት መጥፎዎቹ ናቸው፤ ገዢውም ይህን ሲረዳ ዋጋውን ይበልጥ ያወርዳል።

ይህ በአዲስ አበባ ምን መልክ እንዳለው ማየት አያስቸግርም። በደንብ የተያዘ መኪና ደላላ ዘንድ ሳይደርስ በዘመድ፣ በሥራ ባልደረባና በዕድርተኛ መካከል ይሸጣል። ስለዚህ ምክሬ ፍለጋውን ከሞዴል ሳይሆን ከባለቤት እንድትጀምሩ ነው። የሠራተኛው መኪና በየጊዜው የሚገባበት ጋራዥ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ፤ ለሜካኒኩ «ባለቤቱ ሊሸጠው ሲያስብ ንገረኝ» በሉት። ስድስት ወር መጠበቅ ያስፈልግ ይሆናል። የዘይት መቀየሪያ ደረሰኞችን በፖስታ ያስቀመጠ ባለቤት፣ ከሞዴሉ ስምና ከኪሎ ሜትር ቆጣሪው ይልቅ ያስተማምነኛል።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ከጉልበቱ በዚያው መጠን ያጣል። ለገዢ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ሌላ ነው። ውኃ አዲስ አበባ ላይ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው፤ የዘመናዊ ሞተር መደበኛ የሥራ ሙቀት ደግሞ 90 እና ከዚያ በላይ ነው። ሞተሩ የማይፈላው የማቀዝቀዣው ሥርዓት ታፍኖ በግፊት ውስጥ ስለሚሠራ፣ ከውኃውም ጋር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ ስለሚቀላቀል ነው። የራዲያተሩ ክዳን ከላላ፣ የፕላስቲክ ገንቦው በፀጉር ያህል ከተሰነጠቀ፣ ወይም ባለቤቱ ለዓመታት የቧንቧ ውኃ ብቻ ሲጨምር ከኖረ፣ ያ መጠባበቂያ ይጠፋል። ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ጋራዥ የገባ ሁሉ ያውቀዋል፦ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይበላል፣ ዘይትና ውኃ ይቀላቀላል።

በዚህ ረገድ የቢ ኤም ደብልዩ 5 ተከታታይ፣ ማለትም ከ1995 እስከ 2003 የተሠራው ኢ 39 እና እርሱን የተካው ኢ 60፣ ሲነዱ እጅግ የሚያስደስቱ ሆነው ሳለ የማቀዝቀዣ ክፍሎቻቸው በብዛት ከፕላስቲክ የተሠሩ ናቸው። ገንቦው፣ የቴርሞስታቱ ቤት፣ የቱቦ መጋጠሚያዎቹ ሁሉ እንደ ጎማና እንደ ፍሬን ሸራ በየጊዜው የሚተኩ ፍጆታዎች ተደርገው መታየት አለባቸው። ይህን የሚያውቅና ያደረገ ባለቤት ካገኛችሁ ኢ 39 የሚወደድ መኪና ነው። ካላገኛችሁ አትንኩት።

መርቸዲስን በተመለከተ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለ ኢ ክላስ ነው። ደብልዩ 124ን የሚያወድሱት ሽማግሌዎቻችን አልተሳሳቱም፤ ነገር ግን የመጨረሻዎቹ ከተሠሩ ሦስት አሥርት ዓመታት አልፈዋልና ጎሚኒውና የኤሌክትሪክ ሽቦው ያረጀውን ያህል አርጅቷል። በገበያችን ይበልጥ የሚፈለገው ከ2002 እስከ 2009 የተሠራው ደብልዩ 211 ነው። የዚህ ሞዴል ቀደምት ሥሪቶች ፍሬን በፔዳሉ ግፊት ብቻ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክስ በሚታዘዝ ፓምፕ ይሠራል። ይህ ፓምፕ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ይቆጥራል፤ የተወሰነለት ቁጥር ሲሞላ ክሩስኮቶ ላይ ማስጠንቀቂያ ያበራል፣ መተካትም ይጠይቃል። ፋብሪካው በ2004 ለእርማት ጥሪ ያደረገበት፣ በ2006 አጋማሽም ከኢ ክላስ ላይ ጨርሶ ያነሣው ሥርዓት ነው። ስለዚህ ከ2006 አጋማሽ በኋላ የተሠራውን ምረጡ፤ ልዩነቱ ከቀለምም ከወንበርም ይበልጣል። ከሞተሮቹ ደግሞ ባለ 3.5 ሊትሩ ስድስት ሲሊንደር በመጀመሪያዎቹ የሥሪት ዓመታት ባላንስ ሻፍት በሚባለው ንዝረት አርጋቢ ዘንጉ ላይ ያለ አንድ ጥርስ ያለጊዜው ያልቅበታል። ጥርሱ ትንሽ ነው፤ ለመተካት ግን ሞተሩ መውረድ አለበት። ባለ አራት ሲሊንደሩ ኮምፕረሰር ቀለል ያለ ነው፤ ጠዋት ሲነሣ ለጥቂት ሰከንድ የሚንኳኳ ከሆነ ግን ካቴናው ተለጥጧል። የናፍጣው 220 ከሁሉም ታጋሽ ነው እላለሁ።

ሌክሰስ ኢ ኤስን ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ «ልብሱን የለወጠ ካምሪ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ በውስን ገንዘብ ለሚገዛ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ምስጋና የለም። ከ2007 ሞዴል ጀምሮ ያለው ኢ ኤስ 350 ሞተሩን ከካምሪና ከሌሎች የቶዮታ መኪኖች ጋር ይጋራል። እንግዲህ ሱማሌ ተራ ሄዳችሁ ስትጠይቁ የምትጠይቁት የሌክሰስ ሳይሆን የቶዮታ ዕቃ ነው፤ ይህ አንድ ቃል የሁለተኛውን ዋጋ በእጅጉ ያወርዳል። በመጀመሪያዎቹ ላይ ዘይት የሚያመላልስ ቀጭን ቱቦ ከፊሉ ጎማ ስለሆነ ሊፈነዳ ይችላል፤ በብረት መተካቱን አረጋግጡ። መንዳቱ እንደ ጀርመኖቹ አያስፈነድቅም። እኔ የራሴን ገንዘብ ብከፍል ግን እዚህ ላይ ነው የምከፍለው።

በማንኛውም ምርት ውስጥ ድሃውን፣ ማለትም ዕቃው የቀነሰውን ምረጡ። የአየር ከረጢት ያለውን ትታችሁ የብረት ሞላ ያለውን፤ ስምንት ሲሊንደሩን ትታችሁ አራቱን ወይም ስድስቱን። የሌለ ዕቃ አይበላሽም።

ስለ ምርመራው፣ ተማሪዎቻችን በተግባር የሚያውቁትን ባጭሩ ልናገር። ለሻጩ ከመድረሳችሁ በፊት ሞተሩን እንዳያሞቀው ንገሩት፤ ስትደርሱም ኮፋኖው ላይ እጃችሁን አሳርፉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ፣ ከጠዋቱ ድምፅ የሚደበቅ ነገር አለ። የዘይት ክዳኑን ክፈቱ፤ ከሥሩ ቅቤ የመሰለ ነጭ አረፋ ካለ ውኃና ዘይት ተገናኝተዋል። ቁልፉ ወደ መጀመሪያው ሲዞር የአየር ከረጢቱ ምልክት በርቶ ሞተሩ ከተነሣ በኋላ መጥፋት አለበት፤ ጨርሶ ካልበራ አምፖሉን ያነሣው ሰው አለ። የአየር ከረጢት ባለው መኪና ከፓራፋንጎው እስከ ጎማው ያለውን ቁመት ማታ ለኩ፣ ጠዋት ድገሙት።

ስካነርን በተመለከተ ግን ብዙ ሰው የሚስተው ነጥብ አለ። ሻጩ ጠዋት የተመዘገቡትን ስሕተቶች አጥፍቶ «ንጹሕ ነው» ሊላችሁ ይችላል። የመኪናው ኮምፒውተር ስሕተት ሲሰረዝለት ወይም ባትሪው ሲነቀል የራሱን ምርመራዎች ከዜሮ ይጀምራል፤ እነርሱን ለመጨረስም ተነድቶ መቆየት አለበት። ስለዚህ የስሕተቱን ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የራስ ምርመራዎቹ መጠናቀቃቸውን እዩ። ስሕተት የለም፣ ምርመራዎቹም አልተጠናቀቁም ካለ፣ መኪናው ንጹሕ ሳይሆን በቅርቡ የታጠበ ነው። ኪሎ ሜትሩም እንደዚሁ ነው፤ ክሩስኮቶ ላይ ያለው ቁጥር በቀላሉ ይለወጣል፤ በብዙዎቹ የቅንጦት መኪኖች ግን ሌሎች የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎችም ለራሳቸው ይመዘግባሉ። ሁሉንም ማንበብ የሚችል ስካነር ያለው ጋራዥ የሚያስከፍለው፣ ከሚያተርፍላችሁ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የካምቢዮ ዘይትንም ጠይቁ። «የዕድሜ ልክ ነው፣ አይቀየርም» የሚል መልስ ትሰማላችሁ፤ የብዙዎቹን የጀርመን መኪኖች ካምቢዮ የሚሠራው ዜድ ኤፍ ኩባንያ ራሱ ግን ከ80,000 እስከ 120,000 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ እንዲቀየር ይመክራል።

ሰነዱ ላይ አልረዝምም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር በዓይናችሁ ይመሳከር። መኪናው ከቀረጥ ነጻ ገብቶ ከሆነ ቀረጡ መከፈሉን፣ የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እገዳ እንደሌለበት ሳታረጋግጡ ቀብድ አትክፈሉ።

ከታዳሚው ሁለት ጥያቄዎች በጽሑፍ ደርሰውኛል።

የመጀመሪያው፦ «ስም ሳይዛወር በውክልና ብቻ ብገዛ ዋጋው ይቀንስልኛል፤ ምን ይመክራሉ?» እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ ነገር ግን ወካዩ ውክልናውን ሊሽር እንደሚችል፣ ቢሞትም ውክልናው እንደሚቀር ማንኛውም የሕግ ባለሙያ ይነግራችኋል። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ከማታውቋቸው ወራሾች ጋር ነው። በቅናሽ ያገኛችሁት ገንዘብ ለዚያ ክርክር አይበቃም።

ሁለተኛው ጥያቄ ከአንዲት እናት የመጣ ነው፦ «በዚሁ ገንዘብ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ? ልጄ መርቸዲስ ካልሆነ ይለኛል።» እመቤቴ፣ ጉዞዎ በአብዛኛው ከተማ ውስጥ ከሆነ፣ ግቢዎም ውስጥ መኪናውን ሌሊት የሚሞሉበት አስተማማኝ የኤሌክትሪክ መስመር ካለ፣ ኤሌክትሪኩ ይሻልዎታል፤ ከዘይት፣ ከካንዴላ፣ ከካቴና፣ ከጓርኒሲዮን ሁሉ ይገላገላሉ። ያገለገለ ኤሌክትሪክ ከሆነ ደግሞ ባትሪው ከመጀመሪያ አቅሙ ምን ያህል እንደቀረው በስካነር ያስነብቡ። በየወሩ ወደ ክፍለ ሀገር የሚወጡ ከሆነ ግን በመንገድዎ ላይ የሚሞላበትን ቦታ አስቀድመው በስም ሊቆጥሩት ይገባል፤ ሊቆጥሩት ካልቻሉ ባለነዳጁ ይሁን። ልጅዎን በተመለከተ፣ ያየውን መኪና ይዞ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቤተ ሙከራችን ቢመጣ ተማሪዎቻችን ስካነሩን አብረውት ያነባሉ። ሞተሩን ሳያሞቀው ይምጣ እንዳልለው መንገዱ ያሞቀዋል፤ ስለዚህ ከመነሣቱ በፊት የመጀመሪያውን አንድ ደቂቃ ድምፅ በስልኩ ቀድቶ ያምጣልን።